መሬት የሚተኛ ጉም

ጭስ ወደ ላይ መውጣት ይወዳል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ማድ ቤት ገብቶ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። አዲሱ አዘጋጃችን ግን ጭሱ መሬት ላይ እንዲተኛለት ፈለገ። ከጉልበት በታች የሚቀር፣ ወለሉን እንዳለ የሚሸፍን፣ ቀስ እያለ የሚሄድ ጉም ነው ያማረው። "እትዬ፣ የዚህ ቴአትር ነፍሱ ጉሙ ነው" አለኝ። የቴአትር ነፍስ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። እኔ የማውቀው ዕቃ ክፍሉን ነው። ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ያለው አንድ አሮጌ የጭስ ማሽን ነው፤ እሱም ከተዘጋ ጭፈራ ቤት በልመና የመጣ። ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ያስላል፤ የሚተፋው ጭስ ሽቅብ ይወጣና ጣሪያው ሥር የተሰቀለውን መብራተኛ ያስነጥሰዋል።

የመድረክ ዕቃ ሠራተኛ ነኝ። የውሸት ሽጉጥ፣ የውሸት ዘውድ፣ የውሸት ዳቦ ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ የውሸት ጉም መጣ። ባለቤቴ ተዋናይ ነው። በአንድ ቴአትር ለዓመታት ሻለቃ ሆኖ ስለተጫወተ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ "ሻለቃ" ነው የሚሉት። እኔም ሲያናድደኝ ሻለቃ እለዋለሁ፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሻለቃ ነው። በዚህኛው ቴአትር ግን ማዕረጉን ተገፎ ጀልባ ቀዛፊ ሆኗል። ወንዝ ሞልቶ ቤቱን የወሰደበት ሽማግሌ ነው። በመጨረሻው ትዕይንት፣ ሲነጋጋ፣ በባዶ እግሩ ቤቱ ከነበረበት ቦታ ተነስቶ በጉሙ ውስጥ እስከ ወንዙ ዳር ይሄዳል። የወንዙ ዳር ማለት የመድረኩ ጠርዝ ነው። መድረካችን አሮጌና ከፍ ያለ ነው፤ ከታች ሲሚንቶ አለ፣ ከሲሚንቶው ቀጥሎ የክብር እንግዶች ጉልበት።

አንድ ነገር አሁኑኑ ልናገር፣ ካልተናገርኩት የቀረው አይገባም። ባለቤቴን ዓይኑ እየከዳው ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ብሎ ጠብታ አዞለታል፤ ጠብታው ያለውን ያቆያል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ይህን የምናውቀው ሐኪሙ፣ እሱና እኔ ብቻ ነን። ሥራ አስኪያጁ ቢሰማ በማግስቱ በክብር ያሰናብተዋል፤ አበባም ይሰጠዋል፣ ንግግርም ያደርግለታል። ባለቤቴ ደግሞ ከመድረክ ወርዶ መኖር የሚባለውን ነገር አያውቅበትም። ዕረፍት ላይ ሲሆን ቤት ውስጥ ከወንበር ወንበር እየተቀያየረ ይውላል፣ የሚያነጋግረው ሲያጣ ከሬዲዮው ጋር ይጣላል። "ነጭ ነገር ከሆነ አያለሁ" ስላለኝ ነጭ ፕላስተር እየቆረጥኩ ወለሉ ላይ እለጥፍለታለሁ። በሩ ጋ፣ ወንበሩ ጋ፣ ጠርዙ ጋ ደግሞ ረዘም ያለ። ሌሎቹ ለሁሉም የተለጠፈ ይመስላቸዋል። አንገቱን ደፋ አድርጎ ሲራመድ የሚያዩ ወጣቶች "አቤት ግርማ ሞገስ!" ይላሉ። ምን ግርማ ሞገስ አመጣው፣ ፕላስተር ፍለጋ ነው እንጂ።

ወደ ጉሙ ልመለስ። አዘጋጁ መጀመሪያ ደረቅ በረዶ የሚባለውን አነሳ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ በራሱ የሚጨስ፣ ጭሱም ከባድ ስለሆነ ከመሬት የማይነሳ ነገር ነው። ደወለ፣ አስደወለ፣ የሚሸጥልን አላገኘም። ኋላ ደግሞ አነበበና በዚያ ትዕይንት መሬት ላይ ተኝተው የሚቆዩ ተዋናዮች ስላሉ ትንፋሽ ያሳጣቸዋል ብሎ ራሱ ተወው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ ይህን እመሰክርለታለሁ። ቀጥሎ "ያለንን ጭስ ለምን አናቀዘቅዘውም?" አለ። እውነትም የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል። ማቀዝቀዣ ሲከፈት ብርዱ የሚወርደው እግር ላይ አይደል?

ለስላሳ መጠጥ የሚቀዘቅዝበት ትልቅ ሳጥን ነበረን። በአንዱ ጎን የማሽኑ ጭስ የሚገባበት፣ በሌላው ጎን የሚወጣበት ቀዳዳ በሳሁለት። በረዶውን ከዓሣ ሻጩ አመጣን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፣ በረዶውን እስከ አፉ ጠቅጥቀን ስለሞላነው ጭሱ መሄጃ አጥቶ ወደ ማሽኑ ተመለሰ፤ የቀለጠው ውሃ ደግሞ መድረኩን አጥለቀለቀው። ሽታውንስ ተውት! ተዋናዮቹ አፍንጫቸውን ይዘው "እትዬ፣ አሁንስ እውነተኛ ወንዝ አመጡልን" እያሉ ተሳለቁብኝ። እኔም መጥረጊያውን አስያዝኳቸው።

በኋላ የወንፊት ሽቦ ቆርጬ ሳጥኑ ውስጥ እንደ መደርደሪያ አደረግኩት። በረዶው ከሽቦው በላይ ሳሳ ብሎ ይቀመጣል፣ ውሃው ከታች በቀጭን ቱቦ ወደ ባልዲ ይወርዳል፣ ጭሱ በበረዶው መሃል እየተሽሎከለከ ይወጣል። ጨው ነሰነስኩበት፤ ጨው የነካው በረዶ ይበልጥ ይበርዳል። የሳጥኑን አፍ ከወለሉ ጋር እኩል አደረግነው። መብራተኛው ሙቀት የሚያበዙትን መብራቶች አጠፋ፣ ማራገቢያው ቆመ፣ በሩ ሁሉ ተዘጋ። ጉም አመለኛ ነገር ነው፤ ሰው ፈጠን ብሎ አጠገቡ ቢያልፍ እንኳ አኩርፎ ይበታተናል።

ማሽኑ አሳለ። ከሳጥኑ አፍ ነጭ ነገር እንደ ወተት ገንፍሎ ወጣ፣ ግን ሽቅብ አልሄደም። ወለሉን እየዳሰሰ ሄደ፣ ወንበሮቹን ከበበ፣ የተዋናዮቹን ቁርጭምጭሚት ዋጠ። ሁሉም አጨበጨበ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ኮራሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ስሠራ ኖሬ ተነስቶ የሚሄድ ዕቃ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። አዘጋጁ "እንቀጥል!" አለ። ባለቤቴ ጉሙ ውስጥ ጥቂት ተራመደና መሃል ላይ ቆመ። "ይቅርታ፣ ቃሌን ረሳሁት" አለ።

ባለቤቴ ቃል አይረሳም። የሰርጋችን ቀን ሰዎች የተናገሩትን እስከ ዛሬ አንድ በአንድ ይደግመዋል፣ እናቴ ስለ እሱ ያለችውን ጭምር። ግን ሰው መሃል ምን እላለሁ? ማሽኑን አጠፋሁ።

በማግስቱ ጠዋት ማድ ቤታችን ውስጥ ሻይ እያቀረብኩለት "ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ረሳሁ አልኩ እኮ።"

"እሱን ለሌላ ሰው ንገር።"

ዳቦውን ቆረሰ፣ መልሶ አስቀመጠው። "ፕላስተሩ ጠፋ" አለ። "ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። መሃሉ ላይ ልሁን ጠርዙ ላይ ልሁን አላወቅኩም።"

"በቃ፣ ይሄማ ቀላል ነው" አልኩት። "በረዶውን ግማሽ አደርገዋለሁ፣ ጨውም አልጨምርም። ጭሱ ሽቅብ ይወጣል። ልጁ ይበሳጭ ይበሳጭና ይተወዋል። ማን ያውቃል?"

ብርጭቆውን ሲያስቀምጠው ሻዩ ፈሰሰ። "እንዳታደርጊው!" አለኝ። ሻለቃነቱ የተመለሰ መሰለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝማ። ጉም ውስጥ ወለሉን የሚያይ ማን አለ? ዓይኑ ደህና የሆነ ጎረምሳ እንኳ አያይም። ሁላችንም እኩል ነን። ጉም ከሌለ ደግሞ ፕላስተሩ አለ፣ እሱን አያለሁ። ጉሙን አትንኪው፣ ለእኔ መንገዱን ብቻ አብጂልኝ።"

"መንገድ ከየት አባቴ ላምጣ?" አልኩት ተናድጄ። ነገር ግን ልብስ ሳሰጣ መልሱ እጄ ላይ ነበር።

የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትቼ ከመኝታ ቤቱ እስከ ማድ ቤቱ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት፣ ምንጣፍ አለበስኩት። ባለቤቴ ካልሲውን አውልቆ በእግሩ መዳፍ ገመዱን እየተከተለ መጣ። መጀመሪያ ቀን የበሩን መቃን በትንሽ ጣቱ መትቶ የተሳደበውን ስድብ አዘጋጁ ሰምቶት ቢሆን ቴአትሩ ውስጥ ይጨምረው ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ለመደው። ከዚያ መድረኩ ላይ ወለሉን በሚሸፍነው ቡናማ ጨርቅ ሥር ሠራሁለት፤ ከቤቱ እስከ ወንዙ አንድ ገመድ፣ ከጠርዙ ሁለት እርምጃ ቀደም ብሎ ደግሞ አግድም የተቸነከረ ወፍራም ገመድ። አግድሙን ከረገጠ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። አዘጋጁ ሲጠይቀኝ "ጨርቁ እንዳይሸበሸብ ነው" አልኩት። አመነኝ። እኔን የማያምን ማን አለ፣ የውሸት ዕቃ ሠራተኛ ነኝ።

አዘጋጁ ጠንቃቃ ስለሆነ ጉሙ እምቢ ቢልም ትዕይንቱ እንዳይቆም አሰበበት። ባለቤቴ መሃል ላይ ሲደርስ ቁጢጥ ብሎ ጉሙን በሁለት እጁ እየዘገነ "ይኸው፣ ቤቴን በእጄ ያዝኩት" የሚለው ነገር አለው። አዘጋጁ ሁላችንንም ሰብስቦ "ጋሼ፣ ማሽኑ ቢበላሽ ወይም ጉሙ ቢበተን ይቺን ይዝለሏት። ባዶ ወለል ላይ አየር ሲዘግኑ ሰው እንዳይስቅብን። ቀጥ ብለው ወደ ወንዙ ይሂዱ" አለ። ባለቤቴም "ጉም ከሌለ እዘለዋለሁ" አለ። ሁላችንም ሰማን።

የመጀመሪያው ቀን ትርኢት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ ከመጋረጃው ጎን ከሳጥኔ ጋር ነበርኩ። በረዶው ጠንከር ያለ፣ ጨው የጠገበ። የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ፣ ማሽኑ አሳለ፣ ጉሙ ወጣ። ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ወለሉን ሞላና ከጠርዙ እየተንሸራተተ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ይህን በልምምድ ጊዜ አላሰብንበትም፤ ለምን ቢባል በልምምድ ጊዜ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ የለም። ብርዱ የክብር እንግዶቹ እግር ላይ ወረደ። አንዷ ሴትዮ እግሯን አነሳች፣ ሌላው ሰውዬ በፕሮግራሙ ወረቀት ማራገብ ጀመረ። አስተናጋጃችን ደግሞ ትሑት ሰው ነው፤ እንግዳ በጭስ ሲቸገር ቆሞ ማየት አይሆንለትም። ሄዶ የጎኑን ትልቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተላቸው።

ወይ ትሕትና! ጉሙ መሰኪያው እንደተነቀለ የገንዳ ውሃ በበሩ በኩል ተጠቃሎ ወጣ። ማሽኑን ብጫነው፣ ሳጥኑን ብነቀንቀው፣ የሚወጣውን ነፋሱ እየተቀበለ ይወስደዋል። ጥቂት ሳይቆይ ቡናማው ጨርቅ ባዶውን ቀረ። ገመዱ ሳይቀር ጨርቁ ሥር አብጦ ይታያል።

ባለቤቴ ያኔ ገና ከቤቱ መነሳቱ ነበር። "ግድ የለም" አልኩ ለራሴ፣ "ያልፈዋል። ቀጥ ብሎ ይሄዳል።" ነጩ ፕላስተር ወለሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እሱ ግን ፕላስተሩን አልፈለገውም። እግሩን ከፍ እያደረገ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ ገመዱን እየዳሰሰ፣ ጉም የሚከፍል ይመስል እጁን በጉልበቱ ዙሪያ እያወዛወዘ ሄደ። አንድ ሰው ከኋላ ወንበር ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ። አዳራሹ ሁሉ ዝም አለ። መሃል ላይ ደረሰ። "ዝለለው፣ ዝለለው በናትህ" እላለሁ በሆዴ። ቁጢጥ አለ። ከባዶው ወለል ላይ በሁለት እጁ ዘገነ። ወደ ፊቱ አስጠግቶ ተመለከተው፣ በጣቶቹ መሃል ሲያመልጠው እንኳ በዓይኑ ተከተለው። "ይኸው" አለ፣ "ቤቴን በእጄ ያዝኩት።"

ያኔ ነው የገባኝ። ነጭ ነገር አያይም። ጠብታው ያቆየለት ነገር የለም። መብራት በርቶ፣ ወለሉ እንደ መዳፍ ተገልጦ፣ ጉም መኖሩን ከአለመኖሩ መለየት አልቻለም። አብሬው የምበላ፣ አብሬው የምተኛ እኔ አላወቅኩም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እኔ ባዳ የሆንኩት በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዓይንም ነው። ከዚያ ወዲያ ያየሁት እግሩን ብቻ ነው። አግድሙ ገመድ ላይ ይቆም ይሆን እያልኩ ጠበቅኩ። አግድሙን ረገጠ፣ ቆመ። ወንዙን ተጣራ። መጋረጃው ተዘጋ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ።

ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ አገኘሁት። መስታወቱ ፊት ነው የተቀመጠው። ድሮም እዚያ ነው የሚቀመጠው፤ ለምን እዚያ እንደሚቀመጥ እስከ ዛሬ ጠይቄው አላውቅም።

"ዛሬ ጉምሽ አማረ አይደል?" አለኝ። "እግሬን እንዴት አድርጎ እንዳቀዘቀዘኝ!"

አዎ ብል ይሻል ነበር ይሆናል። ግን እኔ ንዴት ሲመጣብኝ ምላሴ አይታዘዘኝም። "ጉም አልነበረም" አልኩት። "በሩን ከፈቱት፣ ተጠርጎ ሄደ። የቀዘቀዘህ ርጥብ ጨርቁ ነው። ገና ከቤቱ ስትነሳ ወለሉ ባዶ ነበር።"

ፎጣው እጁ ላይ ቀረ።

"ታዲያ ሰዉ ምን ብሎ አጨበጨበ?" አለ።

"የሌለ ጉም አሳየኸዋ!"

"ሳቁ?"

"አንድ ሰው ሊስቅ ነበር፣ ተወው።"

አንገቱን ነቀነቀ፤ የሙያ ነገር ሆኖበት ደስ ሳይለው አልቀረም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። "ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?" አልኩት።

"ከክረምቱ በፊት ጀምሮ።"

"እኔ ፕላስተር እየቆረጥኩ ስለጥፍ!"

"በርከክ ስትይ ጉልበትሽ ሲንቋቋ እሰማለሁ። የት እንደለጠፍሽው በሱ አውቅ ነበር። ያን የልምምድ ቀን ግን የማሽኑ ሳል እርምጃዬን አሳተኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም? ብትወድቅስ? ሲሚንቶ ነው እኮ!"

"ያን ጊዜ ብነግርሽ ጉሙን ታበላሺው ነበር" አለ። "ፕላስተሩ ጠፋ ብልሽ እንኳ ልታበላሺው ተነሳሽ። ላንቺ የተበላሸ ሥራ ይዞ ከሰው ፊት መቆም ሞት ነው፤ በእኔ ምክንያት እንድትጀምሪው አልፈለግኩም። መውደቁን ደግሞ አልፈራሁም። ገመዱን የቸነከርሽው አንቺ ነሽ።"

አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። እሱ እጁን ዘርግቶ ፈለገኝ፣ ትከሻዬን አገኘና ያዘው። በሩ ተንኳኳ። ዓይኔን በመጋረጃ ጨርቅ ጠረግኩ።

የገባው አዘጋጁ ነበር፣ ደስታው ፊቱን ለሁለት ከፍሎታል። "ጋሼ!" አለ። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዲህ ያለ ትወና አይቼ አላውቅም!"

"እንደሱ ብለህ አትማል" አለ ባለቤቴ።

"እውነቴን ነው! ዝለሉት ብዬ ነበር፣ እንኳን አልሰሙኝ። ያ ወለሉን የማያይ አስተያየት… እንዴት አድርገው አመጡት? ከነገ ጀምሮ ጉሙን ጨርሶ እንተወው። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ያለ ጉም ይበልጣል።"

ባለቤቴን አየሁት። "አመሰግናለሁ" ቢል ነገሩ ያልቃል። ጉም የለ፣ ጥርጣሬ የለ፤ የማያይ መስሎ የሚጫወት ሰው ሆኖ እስከፈለገበት ድረስ መድረኩ የሱ ነው። ማንም አይነቃበትም። እኔም አፌን እዘጋለሁ፤ በውስጤ "በል፣ በል አመስግን" እያልኩ ነበር።

"ልጄ" አለ ባለቤቴ፣ "ወንዙን ስጣራ የሰማኸው ትወና ነው፣ እሱን አመስግነኝ። ሌላውን አልተወንኩም። አላይም።"

ልጁ መጀመሪያ ፈገግ እንዳለ ነበር። ከዚያ እኔን አየኝ፣ መልሶ እሱን አየው፣ ከዚያ በሩን ዘጋ። ወንበር ነበረ፣ አልተቀመጠም። ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ ሥራ አስኪያጁን፣ ሲሚንቶውን፣ ቢወድቅ የሚጠየቀው እሱ መሆኑን። ባይፈራ ነበር የሚገርመኝ።

"ዓሣ ሻጩ ሊዘጋ ነው" አልኩት፣ ድምፄ ደህና ነበር። "ለነገ በረዶ ይታዘዝ ወይስ ይቅር?"

አልመለሰልኝም። ወደ ባለቤቴ ቀረብ ብሎ ለመጨበጥ እጁን ዘረጋ። ባለቤቴ ፎጣውን እንደያዘ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ልጁ እጁን እንደዘረጋ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ጎንበስ አለና የባለቤቴን እጅ ከፎጣው ሥር ፈልጎ በሁለት እጁ ያዘው።

"ይታዘዝ" አለኝ፣ ወደ እኔ ሳይዞር።